እትዬ ፉአቲኖ እና የማይጠብቀው ደወል

በዚህ ዓለም ላይ ማንም ያልሾማቸው፣ ደሞዝ የማይከፈላቸው፣ ማኅተም የሌላቸው ባለሥልጣናት አሉ። እኔን ብትጠይቁኝ ዓለምን ቀጥ አድርገው የያዟት እነሱ ናቸው። ከሁሉም የባሱት ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲቀር እነሱን ራሳቸውን የሚያማቸው ናቸው። እነዚህ ሰዎች የሌሉበት መንደር የለም። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። በልጅነታችሁ አንድ ቀን «ዛሬስ ብቀር ምን ይመጣል?» ብላችሁ ስትሸፋፈኑ፣ ከደጅ የተሰማችው ድምፅ የእነሱ ነበረች።

የእኛ መንደር ባለሥልጣን እትዬ ፉአቲኖ ይባላሉ። ሙሉ ማዕረጋቸውን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፦ ክብርት ፉአቲኖ፣ የንጋት ጠቅላይ አዛዥ፣ አጎበር ገላጭ፣ የሰነፎች ሁሉ እንጀራ እናት። ፊት ለፊታቸው ግን አልሞክራትም። እኔ ፔኒ ነኝ፤ ከመንደራችን እስከ ወደቡ የሚመላለሰው የአረንጓዴው አውቶቡስ ሹፌር። ከእሳቸው ጋር የማልጨቃጨቀው እሁድ እሁድ ብቻ ነው፤ እሱም አውቶቡሱ ስለማይሠራ ነው።

ልጅ አልወለዱም። አንድ ጊዜ ከዋናው ከተማ የመጣ እንግዳ ነገሩን ሳያውቅ «ልጆች አሉዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። እትዬ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩና «አሉኝ እንጂ! አሁን ሁሉም ሒሳብ ላይ ናቸው» አሉት።

ለእሳቸው ሥራ ደሴታችን የተመቸች ናት። ሳቫኢ ላይ ቤት ማለት ምሰሶና ጣሪያ ነው፤ ግድግዳ የሚባል ነገር የለም። ነፋሱም፣ ዶሮውም፣ ዘመዱም በፈለገው በኩል ይገባል። እስቲ ግድግዳ በሌለበት አገር ታምሜአለሁ ብሎ መተኛት እንዴት ይቻላል? እትዬ ጎህ ሲቀድ ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው ያስራሉ፣ ቅርጫታቸውን ያንጠለጥላሉ፣ መንገዱ ላይ ቆመው አንገታቸውን ሰገግ ያደርጋሉ። ከአንዱ አጎበር ሥር የልጅ እግር ብቅ ብሎ ካዩ አለቀ።

«እግር አለህ?» ይላሉ፣ እግሩን ጨብጠው።

«አ... አለኝ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ትምህርት ቤት አለህ! ተነስ፣ ደወል አይጠብቅም!»

ደወል የሚሉት ትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ነው። መምህርት ኤሴታ በብረት ስትመታው ዓሣ አጥማጆቹ ድረስ ይሰማል።

ሰበብ እሳቸው ዘንድ አይሠራም። ዝናብ ነው ካልካቸው «ጨው ነህ እንዴ የምትሟሟው?» ብለው ከጓሮህ ትልቅ የጎደሬ ቅጠል ቆርጠው ራስህ ላይ ይደፉልሃል። ሽርጤ አልደረቀም ካልክ «እየሄድክ ይደርቃል» ነው መልሱ። ሆዴን አመመኝ ያልክ እንደሆነ ግን እግዜር ይሁንህ። ከቅርጫታቸው የኖኑ ጠርሙስ አይጠፋም። ኖኑ ከዛፍ ፍሬ የሚጠመቅ መድኃኒት ነው፤ ፈዋሽነቱን አያቶቻችን ሁሉ ይመሰክራሉ። ሽታው ግን፣ እንዴት ልበላችሁ፣ የሰነበተ አይብ ከእርጥብ ካልሲ ጋር የከረመበት ነው የሚመስለው። የጎረቤቴ ልጅ ሲሎ የሆድ ቁርጠት ሊቀ ሊቃውንት ነበር። አንዴ ያንን ከተጎነጨ ወዲህ ትኩሳት ይዞት እንኳ እየተንቀጠቀጠ ክፍል ገብቶ፣ መምህርቷ ናት ለምና ወደ ቤቱ የመለሰችው።

አውቶቡሴንም አልማሩት። በገበያ ቀን እናቶች ዕቃ እንዲሸከሙላቸው ልጆቻቸውን ይዘው ሊወጡ ይፈልጋሉ። እትዬ ትምህርት ቤቱ መታጠፊያ ላይ፣ መንገዱ መሐል፣ እጃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ።

«ፔኒ! አቁም!»

«ኧረ እትዬ፣ መርከቡ ያመልጠኛል!»

«መርከብ ነገም አለ። ደወል ነው የማይጠብቀው!»

ይገባሉ። እኛ ዘንድ ወንበር ሲሞላ ሰው ሰው ጭን ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ልጅ መደበቅ ቀላል ይመስላል። እትዬ ግን ጭን በጭን ይፈትሻሉ። አንድ ቀን ከአንዲት ደልዳላ ሴትዮ ቀሚስ ሥር አንዱን ልጅ ከነቦርሳው ጎትተው አወጡት። ሴትዮዋ ራሷ «ኧረ ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ብላ ጮኸች። እስከ ወደቡ ስንስቅ ሄድን፤ መርከቡ ግን የለም፣ ሄዷል።

ከሁሉ የማይረሳው የመለከቱ ጉድ ነው። ማታ ማታ የጸሎት ሰዓት ሲደርስ ትልቁ የዛጎል መለከት ይነፋል። እሱ ከተነፋ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ይጸልያል፣ መንገድ ላይ ያለ ባለበት ይቆማል፣ ጎበዛዝቱ ዱላቸውን ይዘው መንገዱን ይጠብቃሉ። እትዬ አወጡ፣ አወረዱ። «እንዲህ ያለ ድምፅ እያለን በጋዝ ሲሊንደር እንሠቃያለን እንዴ?» አሉና፣ አንድ ሰኞ ጠዋት መለከቱን ከሹሙ ቤት ተዋሱት። ሹሙ ግን መዋሳቸውን አያውቁም። ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው ለቀቁት።

አይ መንፋት! ወደ ትምህርት ቤት መንገድ የጀመሩት ልጆች ሁሉ ተመልሰው ቤት ገቡና ዐይናቸውን ጨፍነው ቁጭ አሉ። ጎበዛዝቱ ከእንቅልፋቸው ተፈናጥረው፣ አንዱ ሽርጡን ገልብጦ አስሮ፣ መንገድ ዘጉ። አውቶቡሴን አስቆሙት። ውስጡ መምህርት ኤሴታ ነበረች፤ «ምናልባት የጠዋት ጸሎት ታውጆ ይሆናል» አለችኝ በሹክሹክታ። ምን ይደረግ፣ መጸለይ ጀመርን። እትዬ ብቻ «ኧረ ተነሱ! ኧረ ለትምህርት ነው!» እያሉ ሲሮጡ፣ ጎበዛዝቱ «እትዬ፣ በጸሎት ሰዓት መሮጥ ክልክል ነው» ብለው እሳቸውንም አስቀመጧቸው። የዚያን ቀን ትምህርት ቤቱ ግቢ በሰዓቱ የተገኙት አሳማዎች ብቻ ነበሩ።

የመንደራችን ሹም ላፋይ ጉባኤ ጠርተው አንድ አሳማ ቀጧቸው። እትዬ አሳማውን ራሳቸው እየጎተቱ አመጡና «አሳማው ይኸውላችሁ። ልጆቹን ግን በሰዓት ስጡኝ» ብለው ሄዱ።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። ሳቄ የቆመው ነገሩ እኔ ቤት ሲገባ ነው።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። የመንደሩን ልጅ በነፃ እየጫንኩ ትምህርት ቤት በር ላይ የማወርደው እኔ ሆኜ ሳለ፣ የራሴ ልጅ ሉፔ መቅረት ጀመረች። ሉፔ የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ለዶሮዎቹ ሳይቀር መጽሐፍ የምታነብ፣ እኔን በመንገድ ምልክት ንባብ የምታርም ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ራሴን አለች። ሌላ ቀን እግሬን። እትዬ ኖኑውን አመጡባት። አፍንጫዋን ይዛ ጭልጥ አደረገችውና ተመልሳ ሰሌኗ ላይ ተጋደመች። እትዬ ባዶውን ኩባያ ገልብጠው አዩና፣ ሳውቃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቅርጫታቸውን አንስተው ሄዱ።

ታዲያ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ ግቢው ውስጥ ሲሳሳም፣ እትዬ ሉፔን አዩዋት። «ኧረ እንኳን ደህና መጡ!» አሉ በዚያ ባሕር በሚሻገር ድምፃቸው፣ ጎንበስ ብለው እጅ እየነሱ። «የሰሌን ንግሥት! ዛሬስ ከዙፋንዎ ወረዱልን?»

ሰው ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ የእትዬ ነገር ያስቃላ። ልጆቹ ወዲያው ተቀበሏት፦ «የሰሌን ንግሥት! የሰሌን ንግሥት!» ሉፔ የእሁድ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና ወደ ቤት ሮጠች።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ቀረ። እናቷ ማሴሊና ለመነች፣ ተቆጣች፣ ፓኒኬኬ የሚባለውን ጣፋጭ ጠበሰች። እኔ ከፊት አስቀምጬ የአውቶቡሱን ጡሩምባ ላስነፋት ቃል ገባሁ። «አልሄድም፣ አባዬ» ነው መልሷ። ጮኻ ብትናገር በወደድኩ። ቀስ ብላ ነው የምትለው፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። የእናቴ ወንድም በልጅነቱ እንዲሁ ቀስ ብሎ እምቢ ያለ ሰው ነበር፤ ዛሬ ሸምግሎ ስሙን ለማስጻፍ ሰው ይለምናል። ልጄን እያየሁ እሱ ነበር የሚታየኝ። ማሴሊናም እሱን እያሰበች እንደነበር አውቃለሁ፤ ሁለታችንም ግን ስሙን አላነሳንም።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ስነቃ፣ ደጄ ላይ፣ ሣሩ ላይ፣ አንድ ክምር ነገር አየሁ። ዐይኔን አሻሸሁ። ሰሌን ነው። ግን የመኝታ ሰሌን አይደለም፤ እንደ ሐር የለሰለሰው፣ ጫፉ በቀይ ላባ የተሸለመው፣ ለሠርግና ለቀብር ካልሆነ ከሣጥን የማይወጣው የክብር ሰሌን ነው። ከሥሩ ሰው ተቀምጧል።

በእኛ ሥርዓት ሰው በክብር ሰሌን ተሸፍኖ ደጅህ ላይ ከተቀመጠ ደም አለ ማለት ነው። ገዳይ ወይም የገዳይ ዘመድ ነው እንዲህ የሚቀመጠው። የተበደለው ወጥቶ ሰሌኑን ከገለጠለት ምሕረት ነው፤ ካልገለጠለት ግን... እሱን አታንሱብኝ።

«ማሴሊና!» አልኩ። «ማን ሞተብን?»

«እኔ ምን አውቄ! ሁላችንም እዚህ አይደለን?» አለች፣ ልጆቹን እየዳሰሰች።

ግድግዳ በሌለው ቤት ወሬ በር አያንኳኳም። በአንድ አፍታ ጎረቤቱ ደጃችንን ሞላው።

«ፔኒ በአውቶቡስ ሰው ገጨ አሉ?»

«ሞኝ! የተበደለው እሱ ነው፣ ደጁ ላይ ነው የተቀመጡት!»

«ቅርጫቱን አያችሁ? የእትዬ ፉአቲኖ ነው!»

«ወይ ጉድ! በመጨረሻ በኖኑ ሰው ገደሉ በሉኛ!»

ሹም ላፋይ በትራቸውን ይዘው እያለከለኩ ደረሱ። «ማን ሞተ? ማን ገደለ?» እኔ የቤቱ አባወራ ነኝና ሰሌኑን ልገልጥ ጎንበስ አልኩ።

«ፔኒ፣ እጅህን ሰብስብ!» አለኝ ሰሌኑ። «የበደልኩት አንተን አይደለም!»

«ታዲያ ማንን ነው፣ እትዬ?»

«ሉፔን።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ምሰሶ የታቀፈችውን ሉፔን አያት። ሹም ላፋይ በትራቸውን መሬት ላይ ደበደቡ። «ፉአቲኖ! ለየልሽ እንዴ? ይህ የደም ሥርዓት ነው! ጥርሷን ቀይራ ላልጨረሰች ልጅ ይደረጋል?»

«ልጅ በአደባባይ ማዋረድ ደም ካልሆነ ምንድን ነው፣ ሹም ላፋይ? ከፈለጉ ይቅጡኝ፤ ሌላም አሳማ አለኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው መከራከር ጀመሩ። አንዱ በአያቶቻችን ዘመን እንዲህ ያለ አልተሰማም ይላል፣ ሌላው ሥርዓቱ የተበዳይን ዕድሜ አይጠይቅም ይላል። ፀሐይዋ ወጣች፣ ከረረች። የመንደሩ ልጅ በሙሉ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ዙሪያውን ቆሟል። እትዬ ከሰሌኑ ሥር ሆነውም ሥራቸውን አልተዉም።

«ማነው እዚያ የሚነፋነፈው? ሲሎ! አፍንጫህን አውቀዋለሁ። እግር የለህም? ሂድ፣ ደወል አይጠብቅም!»

ሲሎ አልሄደም። ማንም አልሄደም። እንዲህ ያለ ነገር ትቶ ማን ሒሳብ ይማራል?

በዚህ መሐል ደወሉ ተመታ። ጓ! ጓ! ጓ! ከባዶው ግቢ እስከ ደጃችን እየተንቀጠቀጠ መጣ። ሁላችንም ሰሌኑን አየን። እትዬ በደወል ሰዓት ቁጭ ብለው የታዩበት ቀን የለም፤ ባላቸውን የቀበሩ ዕለት እንኳ ከመቃብሩ ዳር ሆነው አንዱን ልጅ በጥቅሻ ወደ ክፍሉ የሰደዱ ሴት ናቸው። ሰሌኑ ትንሽ ተነቃነቀ። ላባዎቹ ተርገበገቡ።

«ፉአቲኖ፣ ደወሉ እኮ ነው» አሉ ሹም ላፋይ፣ ለስለስ ብለው። «የመንደሩ ልጅ ሁሉ እዚህ ቆሟል።»

ከሰሌኑ ሥር ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«ይጠብቅ» አሉ እትዬ።

ሉፔ ምሰሶውን ለቀቀች።

«ሉፔ፣ እዚያ ነሽ?» አሉ እትዬ። ድምፃቸው እንደዚያ ዝቅ ሲል ሰምቼው አላውቅም። «ትናንት መምህርትሽ ዘንድ ሄጄ ነበር። ዴስክሽን አሳየችኝ። የቲሬሳን ባዶ ቦታ አየሁት። ሌላ ልጅ እንዳይቀመጥበት ደብተርሽን ትዘረጊበታለሽ አለችኝ። እኔ የመንደሩን ሰው በየአጎበሩ አያለሁ፤ እሱን ግን አላየሁም። ሰነፍ መስለሽኝ ነበር፤ አይደለሽም። ናፍቆት ነው የጣለሽ። በሰው ፊት አዋርጄሻለሁና በሰው ፊት መጣሁ።»

ቲሬሳ! ያቺ ፀጉሯን ሁለት የምትጎነጎነው፣ ከሉፔ ጋር በአንድ ቅጠል ዝናብ የምትጠለለው ልጅ። ወላጆቿ ይዘዋት ጠቅልለው ባሕር ማዶ ኦክላንድ ከገቡ ሰንብተዋል። ከዚህ ደሴት ሁሌም ሰው ወደ ኦክላንድ ይሄዳል፤ ማን ልብ ይለዋል? በአውቶቡሴ እስከ ወደቡ ያደረስኳቸውም እኔው ነበርኩ። ቤታችን ግድግዳ የለውም፤ የልጅ ሆድ ግን አለው ለካ። ማሴሊና በሽርጧ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች፣ እኔም ወደ አውቶቡሴ ዞርኩ።

ሉፔ ወደ ሣሩ ወረደች። ሰሌኑን አንድ ጊዜ ዞረችው። ከዚያ እኔን ቀና ብላ አየችና «እስከ መቼ ነው የሚቀመጡት?» አለችኝ።

«እስክትገልጪላቸው ነዋ።»

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«ጨው ነኝ እንዴ?» አለ ሰሌኑ።

ሉፔ ከት ብላ ሳቀች። ያንን ሳቅ ከሰማን ቆይቶ ስለነበር ማሴሊና ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ልጅቷ በሁለት እጇ የላባውን ጫፍ ይዛ ሰሌኑን ገለጠችው። እትዬ ፊታቸው እንደ ተቀቀለ ጎደሬ ላብ በላብ ሆኖ፣ ፀጉራቸው ተበትኖ፣ ፀሐይዋ ላይ ዐይናቸውን አርገበገቡ። ሊነሱ ሞከሩና ተመልሰው ዘጭ አሉ።

«እትዬ፣ እግር አለዎት?» አለች ሉፔ።

«ደንዝዟል፣ ልጄ። ለጊዜው የለኝም።»

«እንግዲያው እኔን ይደገፉ። ደወሉ ጠብቆናል።»

እንዲህ ሆኖ ሄዱ። እትዬ አንድ እጃቸውን ሉፔ ትከሻ ላይ፣ ሌላውን ሲሎ ራስ ላይ አድርገው እያነከሱ፣ የመንደሩ ልጅ በሙሉ ከኋላ፣ ከልጆቹ ኋላ ሽማግሌዎቹ። በሥርዓቱ መሠረት ሰሌኑ ለተበደለው ይቀራልና፣ ያ የሠርግና የቀብር ሰሌን ዛሬ የሉፔ ነው። «የሰሌን ንግሥት» የሚሏት አሁንም አሉ፤ ግን በቅናት ነው።

እትዬ በዚያ ቀን እዚያች ባዶ ቦታ ላይ ተቀመጡ። በማግስቱም እንዲሁ። ጉልበታቸው ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን አጥፈው፣ መምህርት ኤሴታን በጥያቄ ያደክሟታል፣ ሒሳብ ላይ ከሉፔ ይኮርጃሉ። እኔም በመስኮቱ በኩል ሳልፍ ያንን ሰፊ ጀርባ እያየሁ ጡሩምባዬን እነፋለሁ። እሳቸውም ሳይዞሩ እጃቸውን ያወዛውዙልኛል፣ ዝም በል ለማለት።

ባለፈው ሰሞን ታዲያ አንድ ጠዋት ወደቡ የሚሄደውን ሰው አጭቄ ስነሳ ሉፔ መንገዱ መሐል እጇን ዘርግታ ቆማለች። በሌላው እጇ ጠርሙስ ይዛለች። ሽታው ከሷ በፊት ነው አውቶቡሱ ውስጥ የገባው።

«አባዬ፣ አቁም! እትዬ ቀርተዋል።»

«ጉንፋን ይዟቸው ይሆናላ፣ ሉፔዬ።»

«እሱን አያለሁ» አለችና ወደ እትዬ ቤት አመራች። ግድግዳ የለምና ሁላችንም አየን። አጎበሩ ሥር አንድ ትልቅ እግር ብቅ ብሏል። ሉፔ ጨበጠችው። አጎበሩ አሳለ፣ አቃሰተ፣ «ራሴን...» ሲል ተሰማ። ሉፔ የጠርሙሱን ክዳን ከፈተች።

«ፔኒ፣ ምን ነካህ?» አሉኝ ከኋላ አንዱ ሽማግሌ። «ንዳ እንጂ! መርከቡ ሊያመልጠን ነው!»

«መርከብ ነገም አለ» አልኩና ሞተሩን አጥፍቼ ጠበቅኳቸው።